የእባብ ቆዳና የያሬድ ትል፤ ጥንታውያን ታሪኮች ስለ ሰው መለወጥ የሚነግሩን

ሰው ከክፉ ወደ በጎ፣ ከስንፍና ወደ ትጋት ሊለወጥ ይችላልን? ወይስ እንደ ተፈጠረ ኖሮ እንደ ተፈጠረ ይሞታል? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። በየቤታችን ማታ ማታ እራት ከተነሣ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ልጁ ትምህርት እንቢ ያለው አባት ይጠይቀዋል፤ ባሏ መጠጥ እተዋለሁ ብሎ ለስንተኛ ጊዜ የማለላት ሚስት ትጠይቀዋለች፤ ከወኅኒ የወጣውን ወንድሙን በቤቱ ያሳድረው እንደ ሆነ የሚያመነታ ሰውም ይጠይቀዋል። የጥንት ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት በምክር መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም በታሪክ፣ በገድልና በተረት ነው። እኛም ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ከእነዚያ ጥቂቱን አንሥተን የትኛው ለሰው የመለወጥን በር እንደሚከፍትና የትኛው እንደሚዘጋ እንመረምራለን።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናመልክት። ገድል ገድል ነው፤ ተረትም ተረት ነው፤ የግሪኮች የአማልክት ወሬም ሌላ ነው። ሦስቱን በአንድ መሶብ ማቅረባችን ሦስቱም አንድ ዓይነት እውነት ናቸው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ሰው ከነበረበት ወደ አልነበረበት ስለ መሻገሩ የሚናገሩ ስለ ሆኑ፣ ጐን ለጐን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያስረዳል።

ስለ መለወጥ የሚናገር ሰው መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ወደ አዲስ ከተማ ወርዶ መርካቶን ቢያይ መልካም ነው። የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣልያኖች ከተማውን ይዘው በቈዩበት ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአገር ተወላጆችን ገበያ ከነጮች ሰፈር ለማራቅ ብለው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። በቋንቋቸው ገበያ ማለት መርካቶ ስለ ሆነ ስሙ በዚያው ቀረ። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ይህ ስፍራ ሰውን ከሰው ለመለየት የተደለደለ ነበር። ዛሬ ግን የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጐረቤት ሆነው የሚታዩበት፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው በየቋንቋው የሚከራከርበት፣ ከአፍሪካ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የሆነ ስፍራ ነው። ያራቁት ሰዎች ሄዱ፤ ገበያው ግን ለሌላ ነገር ዋለ።

በዚህ ገበያ ውስጥ እንደ ሸማ ተራ፣ እንደ በርበሬ ተራ፣ እንደ እህል በረንዳ ያሉ የታወቁ ስፍራዎች አሉ። እኛ ዛሬ የምንሻው ግን ምናለሽ ተራን ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው፣ ይህም ቃል «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የተገኘ ነው ይባላል፣ ከየደጃፋችን የሚለቅመው የተበሳ ባልዲ፣ የተሰበረ አልጋ፣ የዘይት በርሜልና ያረጀ ጎማ ብዙው መድረሻው ይህ ተራ ነው። በዚያ በርሜሉ በመሮ ተቀዶ፣ በመዶሻ ተዘርግቶ ምድጃ ይሆናል፤ ጎማው ተቈርጦ በረባሶ ይሆናል፤ ከመኪና በታች ሸክም ሲሸከም የኖረው ባሌስትራ በእሳት ግሎ መጥረቢያ ይሆናል። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፤ ቢሆንም ለጥቂት ሰዓት ቆሞ ላየው ሰው ከብዙ ስብከት ይልቅ የሚያስረዳ ነገር አለው።

አንዲት ባለ ነጠላ ወይዘሮ ከአንድ ሠራተኛ ፊት ቆመው የከሰል ምድጃ እያገላበጡ ሲያዩ ደረስን።

«ይህ ደግሞ ቀድሞ ምን ነበር?» አሉት።

«በርሜል ነበር እትዬ፤ የዘይት በርሜል።»

«ታዲያ ወጤን ዘይት ዘይት ሊያሸትብኝ ነው?»

«የለም እትዬ። አንድ ቀን ከሰል አንድደው ደጅ ያሳድሩት። ከዚያ በኋላ ቢሸትዎ መልሰው ያምጡልኝ፤ እዚሁ ነኝ።»

ወይዘሮዋ በዋጋው ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ገዝተውት ሄዱ። እኛ ግን ሰውዬው ያለው ነገር ከልባችን አልጠፋም። በርሜል አልነበረም ብሎ አልዋሸም፤ ነበረ ብሎም አላፈረም፤ የፈተናውን ጊዜ ወስኖ፣ ከፈተናው በኋላ ደግሞ «እዚሁ ነኝ» አለ። ከአጠገቡ ያለው ባለ ወናፍ ደግሞ የጋለውን ባሌስትራ በጉጠት ይዞ ሲያሳየን፣ ቀዝቃዛውን ብረት ቢመቱት እንደሚሰነጠቅ፣ ከልክ በላይ ቢያግሉትም እንደሚቃጠል፣ የሚመታው ቀለሙ ታይቶ በጊዜው እንደ ሆነ ነገረን። ልጆቻቸውን የሚገሥጹ ወላጆች ሁሉ ይህን ቢሰሙ ብለን ተመኘን።

ከዚህ ቆመን የባለ እጁን ሥራ ስናይ ግን በአገራችን ስለ ብረት ሠሪ ሲነገር የኖረው ክፉ ተረት ትዝ አለን። ይህም፣ ብረት ሠሪ ቡዳ ነው፤ ቀን ሰው መስሎ ይውላል፤ ሌሊት ግን አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል የሚለው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ብዙ ዓመት የተቀመጠው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ብረት ሠሪዎች የሚያጠልቁት ዓይነት ጉትቻ በጅብ ጆሮ ላይ ተገኘ እየተባለ ይነገር እንደ ነበር ጽፏል። እንዲህ ያለውን ወሬ ያወጣ ሰው፣ ሲነጋ ጀምሮ ወናፍ ሲነፋና መዶሻ ሲያነሣ የዋለ ሰው ሌሊት ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚጥለው አስቦ አያውቅም።

ይህም ተረት እንደ ሌሎቹ የመለወጥ ተረት ነው። ነገር ግን አለዋወጡን እንመልከት። ሰውዬው የሚለወጠው ወደ ታች ብቻ ነው፤ ጅብነቱ እውነተኛ ማንነቱ፣ ሰውነቱ ግን ልብሱ ነው ይላል። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስለ ሆነም መልካም ሥራ አይፍቀው፤ ትምህርት አያነጻው። አንድ ሰው ልለወጥ ብሎ ቢነሣ እንኳ ተረቱ አስቀድሞ «አንተ ምን እንደ ሆንህ እናውቃለን» ብሎ ደጁን ይዘጋበታል። በዚህ ምክንያት የእጅ ሥራ ያላቸው ወገኖቻችን፣ ከእነርሱም ጋር ብረትና ሸክላ በመሥራት የሚታወቁት ቤተ እስራኤሎች፣ በጋብቻም በርስትም ብዙ ዘመን ተገፍተዋል። ማረሻው ከእጃቸው ይወሰድ ነበር፤ ማረሻው የሚያርሰው መሬት ግን አይሰጣቸውም ነበር።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቍጢት በጣሽ፣ ወይም በሌላ የስድብ ስም እየጠሩ ማዋረድን ከለከሉ። የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መምጣቱን አስታውሰው፣ ሠራተኛን የሚሳደብ ሰው እንዲታሰር ወሰኑ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ሕግ ግን አፍን እንጂ ልብን ቶሎ አያስርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጋብቻ በሽማግሌነት ተጠርተን ሄደን ነበር። ልጁ የተማረ፣ በመሥሪያ ቤቱ የተመሰገነ ነው። አያቱ ግን ብረት ሠሪ ነበሩ። የልጅቱ አባት እሺ ለማለት ሲቃረቡ አሮጊቷ አክስት፣ «ልጁስ መልካም ነው፤ ደሙን ምን እናድርገው?» አሉ። በቤቱ ዝምታ ሆነ። ከእኛ ጋር ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እማማ፣ በአባትዎ ቤት ሳሉ የቤቱን ማረሻና ቢላዋ ማን ነበር የሚሠራው?» ብለው ጠየቁ።

«እነሱው ናቸዋ።»

«በዚያ ቢላዋ የታረደውን የፋሲካ በግ በልተዋል?»

አክስቲቱ መልስ አልሰጡም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ሠርጉ ከአንድ ዓመት በላይ ዘገየ። ልጅቱ ጠበቀች፤ ልጁም አኵርፎ አልሄደም። በመጨረሻ ጋብቻው ተፈጸመ፤ አክስቲቱ ግን በሠርጉ አልተገኙም። አንድ የጅብ ተረት በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ያን ጊዜ አየን።

እንግዲህ ወደ ሌሎች ሕዝቦች ታሪክ እንለፍ። የሮማው ባለ ቅኔ ኦቪድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በ15 ክፍል በጻፈው የመለዋወጥ መጽሐፉ የግሪኮችንና የሮማውያንን ተረት ሰብስቧል። በዚያ መጽሐፍ ሰው የማይሆነው ነገር የለም፤ ዛፍ ይሆናል፣ ወፍ ይሆናል፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ምንጭ ይሆናል። አክቴዮን የተባለው አዳኝ በጫካ የምትታጠብ አንዲት ጣዖት ስላየ ብቻ ወደ አጋዘን ተለወጠ፤ የገዛ ውሾቹም ጌታቸው መሆኑን ሳያውቁ በሉት። ስሙን ነግሮ ሊያስጥላቸው ቢሻ ድምፅ አጣ። እነ ፊሌሞንና ባውኪስ የተባሉት ድኻ ባልና ሚስት ደግሞ እንግዳ በመቀበላቸው ተመስግነው፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት እንዲሞቱ ለምነው፣ በዕድሜያቸው መጨረሻ ጐን ለጐን የቆሙ ሁለት ዛፎች ሆኑ፤ ይህ ለቤተ ሰብ ገጻችን የሚስማማ ደስ የሚል ታሪክ ነው። የሚበዛው ግን የፊተኛው ዓይነት ነው። መለወጡ ከአማልክት ቍጣ ይመጣል፤ የተለወጠውም ሰው አንደበቱን ያጣል፤ ወደ ኋላ መመለሻም የለውም።

ከእነዚህ መካከል ሊቃኦን የተባለው ንጉሥ የሰው ሥጋ በማዕድ ስላቀረበ ወደ ተኵላ ተለወጠ። ይህን ያነበበ ሀበሻ ወዲያው የሚያስታውሰው በተአምረ ማርያም የተነገረውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነው። እርሱም የቅምር ሰው፣ ቤተ ሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ የበላ ነው። ሊቃኦንን ያገኘው ፍርድ፣ የሆነውን ነገር መልኩ እንዲያሳይ ነው፤ እንደ ተኵላ ስለ ኖረ ተኵላ ሆነ። በላዔ ሰብእ ግን ማንም ሊገምተው በማይችል ቦታ፣ በመንገድ ዳር በውኃ ጥም የሚቃጠል ለምጻም በእመቤታችን ስም በለመነው ጊዜ ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ያ ጥርኝ ውኃ ከ78 ነፍስ ጋር በሚዛን ተቀመጠ። ስለዚህ ታሪክ ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል፤ አንዳንድ ሰነፍም «እንግዲያውስ በመጨረሻ ጥርኝ ውኃ እሰጣለሁ» ብሎ ይዘባበትበታል። እኛ የምናስተውለው ይህን ብቻ ነው፦ የግሪኩ ተረት የሰውየውን ክፋት ቈጥሮ ዘጋው፤ የእኛው ታሪክ ግን ያን ሁሉ ቈጥሮ፣ ቍጥሩንም ሳይቀንስ፣ ለአንዲት ትንሽ ነገር ቦታ ተወላት።

አሁን ወደ ቅዱስ ያሬድ እንምጣ። ታሪኩን በቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የሚታወቅ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀራል። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የተወለደው ያሬድ አባቱ ሲሞት እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ጌዴዎን የታወቀ መምህር ነበር፤ ልጁ ግን ትምህርት አልገባ አለው። ይገረፋል፤ ይረሳል፤ ደግሞ ይገረፋል። በመጨረሻ ከዱላው ብዛት የተነሣ ኰብልሎ ሄደ። ማይ ኪራሕ በምትባል ስፍራ ከውኃ አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ሲወጣ አየ። ትሉ ከግንዱ እኩሌታ ደርሶ ይወድቃል፤ ደግሞ ይወጣል፤ ደግሞ ይወድቃል። በሰባተኛው ጊዜ ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም አልቅሶ ተነሣና ወደ መምህሩ ተመለሰ። ኋላ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች ያገኘ፣ ድጓን የደረሰ፣ ንጉሡ ገብረ መስቀል ዜማውን ሲሰማ ተመስጦ ጦሩን በእግሩ ላይ እስኪተክልበት ድረስ የሚዘምር ሊቅ የሆነው ይኸው ልጅ ነው።

ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር ሁልጊዜ ትሉን እናመሰግናለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር እናልፋለን። አንደኛ፣ ትሉ አልተለወጠም። ወጥቶ ፍሬውን ቢበላም ትል ነው። የተለወጠው ከሥር ተቀምጦ ያየው ነው። ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የመለወጥ ጊዜ የሥራ ጊዜ ሳይሆን የማስተዋል ጊዜ ነው፤ ልጁ ከዱላም ከመጽሐፍም ርቆ፣ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ሰዓት ያገኘው ነው። ዛሬ ልጅ ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ ዛፍ ቢመለከት «ምን ትሠራለህ?» ብለን እንጮህበታለን። ሁለተኛ፣ ዱላው ብዙ ዓመት ያላደረገውን አንድ ትል በአንድ ቀን አደረገው፤ ይህንም የሚናገሩት ራሳቸው በዱላ የተማሩ መምህራን መሆናቸው ያስደንቃል።

ሦስተኛውና እኛ የሁሉ በላጭ የምንለው ይህ ነው፦ ያሬድ ሲመለስ ጌዴዎን ተቀበለው። የሸሸ ተማሪ፣ ያሳፈረ ዘመድ ነው። «እንደገና ልትረሳብኝ ነው?» ብሎ ደጁን ቢዘጋበት ኖሮ ትሉ ሰባት ጊዜ አይደለም ሰባ ጊዜ ቢወጣ ምን ይጠቅም ነበር? ያሬድ መለወጡን የሚያስረዳበት ምንም ማስረጃ በእጁ አልነበረም፤ አንድ ትል አየሁ ከማለት በቀር። መምህሩ ግን ማስረጃውን ሳያይ ቦታውን መለሰለት። የተመላሹን ልጅ ልብ ብዙዎች መርምረዋል፤ የተቀባዩን ልብ ግን የመረመረው ጥቂት ነው።

ስለ መለወጥ በምሳሌ ከሚናገሩት የግዕዝ መጻሕፍት ሌላው ፊሳልጎስ ነው። በመጀመሪያ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ፣ በጥንት ዘመን ወደ ግዕዝ የተመለሰ፣ ስለ እንስሳትና ስለ አዕዋፍ ጠባይ እየተናገረ ነገረ ሃይማኖትን የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ጀርመናዊው ፍሪትስ ሆሜል የግዕዙን ቅጂ በ1877 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በላይፕሲክ አሳትሞታል። በዚህ መጽሐፍ ስለ ንስር፣ በእርጅናው ወደ ፀሐይ በርሮ የዓይኑን ጭጋግና የክንፉን እርጅና ካቃጠለ በኋላ ወደ ጥሩ ምንጭ ወርዶ ሦስት ጊዜ ተጠምቆ እንደሚታደስ ተጽፏል። ጸሐፊው ይህን ያለው የመዝሙረ ዳዊትን ቃል ለመተርጐም እንጂ የወፍ ሐኪም ሆኖ አይደለም።

በእኛ ዘመን ግን በየስብሰባውና በየስልኩ የሚዘዋወር ሌላ የንስር ታሪክ አለ። ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ መንቍሩን በድንጋይ ሰብሮ፣ ጥፍሩንና ላባውን ነቅሎ፣ ከ150 ቀን በኋላ ታድሶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል ይላል። ይህ ሐሰት ነው። መንቍሩን የሰበረ ንስር በረኃብ ይሞታል እንጂ አይታደስም። እውነተኛው ንስር ላባውን የሚለውጠው ጥቂት በጥቂት ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይበቅላል፤ መብረሩን ሳያቋርጥ ይታደሳል። ሰው ግን ይህን የዝግታ ነገር አይወድምና አንድ ጊዜ ተሰብሮ አንድ ጊዜ የሚታደሰውን ንስር ፈጠረ። ይህን ታሪክ ሰምቶ ሥራውንና ቤቱን በአንድ ቀን በትኖ «ታደስሁ» ያለ ሰው አይተናል፤ ከ150 ቀን በኋላ ያገኘው ግን ዕዳ ነበር።

ይልቅስ ፊሳልጎስ ስለ እባብ የጻፈው ያስደንቀናል። እባብ ሲያረጅ ዓይኑ ይፈዛል ይላል፤ ሊታደስ ሲሻም ቆዳው እስኪላላ ድረስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ይጾማል፤ ከዚያም የጠበበ የድንጋይ ስንጥቅ ፈልጎ በዚያ ሲሾልክ አሮጌውን ቆዳ ጥሎ ይወጣል። ዛሬ የእንስሳትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት የጻፉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እባብ ቆዳውን ሊጥል ሲቃረብ በእውነት ዓይኑ ነጣ ሰማያዊ ሆኖ ይጨልማል፤ ምግብ ይተዋል፤ ይደበቃል። ከዚያ አፉን በሸካራ ድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ አሽቶ፣ ቆዳው ከከንፈሩ ጀምሮ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይወልቃል። ቀኑ 40 አይሁን እንጂ ያ ጥንታዊ ጸሐፊ፣ ወይም የነገረው እረኛ፣ በዓይኑ ያየ ሰው መሆኑ ግልጥ ነው። ያላለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባብ ቆዳውን የሚጥለው በእርጅናው አንድ ጊዜ ሳይሆን በዕድሜው ሁሉ ደጋግሞ ነው።

ከዚህ ለቤተ ሰብ የሚሆን አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ዓይኑ በጨለመበት በዚያ ሳምንት እባብ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቍጡ ይሆናል፤ የሚመጣበትን ስለማያይ ቶሎ ይነድፋል። መጠጥ የተወ ሰው፣ ከክፉ ባልንጀራ የተለየ ወጣት፣ ከዕዳ ለመውጣት ወጪውን የቈረጠ አባወራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደዚሁ ነው። ቤተ ሰቡ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። ተለውጫለሁ ያለው ሰው ገና በማግሥቱ ገራም፣ ደስተኛና አመስጋኝ እንዲሆን ይሻል። ሲቈጣ ባየው ጊዜ «ድሮም አልተለወጠም» ይላል። ጨለማው የመለወጡ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አያስብም። በዚያ ሰሞን የሚሻለው ብዙ አለመናገር፣ የሚበላውን በጊዜው ማቅረብና ከመንገዱ ገለል ማለት ነው። የጠበበውም ስንጥቅ እንዲሁ ነው፤ ቆዳው የሚወልቀው በሰፊ ሜዳ ላይ ሳይሆን ግራና ቀኝ በሚይዝ ድንጋይ መካከል ነውና፣ ከወኅኒ የወጣውን ወንድማችንን «እንደ ልብህ ሁን» ብሎ ያለ ሥራና ያለ ሰዓት መልቀቅ ምሕረት አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሙሴ ጸሊም እንናገር። ይህ ሰው በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው ተብሎ የተጻፈለት፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብጽ የኖረ ነው። የአንድ ሹም ባሪያ ነበር፤ በስርቆቱ ከቤት ተባርሮ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ። ኋላ ግን ወደ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ መነኰሰ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። ታሪኩን ከጻፉት አንዱ ጰላድዮስ፣ ሙሴ እንደ መነኰሰ ወዲያው መልአክ ሆነ አይልም። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ቢጸልይም አሮጌው ምኞት አልለቀቀውም። ለአንድ ሰው ስድስት ዓመት ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ይገርመናል። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ለመራመድ ወደማይችሉት አረጋውያን መነኰሳት በዓት ይሄድና፣ ሳያውቁት እንስራቸውን ወስዶ ውኃ ሞልቶ ይመልስ ነበር። ውኃው ሩቅ ነው፤ ከአንዱ በዓት ሁለት ማይል፣ ከሌላው አምስት ማይል፣ የቀረበው ግማሽ ማይል ይሆናል። ልብ ብለን ካየን ይህ ሰው ጕልበቱን አልጣለም። ሌሊት በሰው ደጅ ማድባት የወንበዴነት ጥበቡ ነበር፤ በጨለማ ሩቅ መንገድ ሸክም ይዞ መሄድም እንዲሁ። ሥራው ቀድሞ የለመደው ነው፤ እንስራው ብቻ ሙሉ ሆኖ ይመለሳል። ባሌስትራውም መጥረቢያ ሲሆን ጥንካሬው ያው ነው።

አንድ ጊዜ በገዳሙ አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሙሴን ጠሩት፤ እንቢ አለ። ሁለተኛ ሲልኩበት የሚያፈስ ማድጋ ውኃ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድር ነው ቢሉት፣ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ለመፍረድ እንደ መጣ ነገራቸው። ያን ወንድም ማሩት። እኛ በየዕለቱ የክስ ወረቀት የምንጽፍ ሰዎች ይህን ማድጋ በችሎት ደጅ ሥሎ መስቀል ይገባ ነበር እንላለን፤ ለዳኛው ሳይሆን ለምስክሮቹ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አራት ወንበዴዎች ማን መሆኑን ሳያውቁ ሌሊት በበዓቱ ገቡበት። ሙሴ አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ስልቻ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና ከመነኰሳቱ ፊት አወረዳቸው። ማንንም መጕዳት ለእርሱ እንዳልተፈቀደ ተናግሮ፣ ምን እንዲያደርጋቸው እንደሚያዝዙ ጠየቀ። ወንበዴዎቹ ታስረው በተቀመጡበት ስሙን ሰሙ፤ ያ በወንበዴዎች ዘንድ ስሙ ሲያስፈራ የነበረው ሙሴ መሆኑን ዐወቁ። ያን ያህል ብርቱ የነበረ ሰው ከተመለሰ እኛ ምን ያዘገየናል ተባባሉ። ሲፈቱም አልሄዱም፤ በዚያው በአስቄጥስ ቀሩ።